የአያት ስም ባዶ ሲሆን

እናትየው ነጠላቸውን ተከናንበው መስኮቱ ፊት ቆመዋል። መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላስቲኩን ደግሞ በመሐረብ ቋጥረው ነው የያዙት። ቋጠሮውን እስኪፈቱ ጊዜ ወሰደባቸው። ከኋላቸው ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። መዝጋቢዋ ልጅ መታወቂያውን ተቀብላ ስማቸውን ጻፈች። የአባታቸውን ስም ጻፈች። የአያት ስም የሚለው ጋ ስትደርስ መታወቂያው ላይ አጣችው። ቀና ብላ ጠየቀቻቸው።

“የአያቴን ስም አላውቀውም ልጄ። ማን ነግሮኝ” አሉ።

ቦታውን ባዶ ተወችውና “መዝግብ” የሚለውን ነካችው። ስክሪኑ ለአፍታ ደርቆ ቆመ። ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱን ዘጋ። መልሳ ከፈተችው፣ መልሳ ሞላችው፣ መልሶ ተዘጋ።

“እናቴ፣ ሲስተሙ እምቢ አለን። ነገ ይመለሱ።”

“ከሩቅ ነው እኮ የመጣሁት።”

“ምን ላድርግ እናቴ፣ ሲስተሙ ነው።”

መታወቂያውን በላስቲክ ጠቀለሉት። ላስቲኩን በመሐረብ ቋጠሩት። ቀስ ብለው ወጡ።

እኔ ከመዝጋቢዋ ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እየሄደ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። “ሲስተም የለም” ተብሎ ያልተመለሰ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔም ስንቴ ተብያለሁ። ያን ቀን ግን ሲስተሙ የሚባለው ነገር እኔ ነበርኩ።

ማታ ኮዱን ከፈትኩት። ስህተቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጃቫ በሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። የአያት ስም ከፊትና ከኋላ ትርፍ ክፍተት ካለው ያንን ይቆርጣል። የአያት ስም ጭራሽ ከሌለ ግን የሚቆረጥ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የሌለውን ነገር ለመያዝ እጁን ዘረጋ፣ ወደቀ። ፕሮግራም የሚጽፉ አንባቢዎቼ ስሙን አሁን ገምተውታል፤ ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን።

ላልሠራበት ሰው ላስረዳ። በፕሮግራም ውስጥ አንድ መረጃ የት እንደተቀመጠ የሚነግር አድራሻ አለ። ነል ማለት የትም የማያደርስ አድራሻ ነው። ለታክሲ ሹፌር ባዶ ወረቀት ሰጥቶ “እዚህ አድርሰኝ” እንደማለት። ክፋቱ ደግሞ ወረቀቱ ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም። አድራሻ የተጻፈበትም ባዶውም አንድ ዓይነት ታጥፈው ነው የሚመጡት። ሹፌሩ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። መጠንቀቅ ነበረብኝ፣ አልተጠነቀቅኩም፣ አለቀ። ከዚያ አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ንግግር አየሁ። በ2009 ለንደን ውስጥ፣ የፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ የተደረገ ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሽማግሌው ነልን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይላሉ። በ1965 ነው የፈጠርኩት፣ “የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ” ነው ይላሉ። ቶኒ ሆር ይባላሉ።

ይህን ያህል ዓመት የሠራሁበት ነገር ፈጣሪ ያለው መሆኑን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። ልክ እንደ ዝናብ፣ እንደ ጭቃ፣ ድሮም የነበረ ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ “ይሄን እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ ማድረግ አልነበረብኝም” ሲል ስሰማ ቪዲዮውን አቁሜ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ የኚህን ሰው ሕይወት መከታተል ጀመርኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለሳቸው ነው። የእኔ ታሪክ እዚያ ውስጥ አንዲት ጠብታ ነው።

ሆር የተወለዱት በ1934 ኮሎምቦ ውስጥ፣ ያኔ ሲሎን በምትባለው በዛሬዋ ስሪላንካ ነው። ወላጆቻቸው እንግሊዛውያን ናቸው። ኦክስፎርድ ገብተው የተማሩት ሒሳብም ምህንድስናም አይደለም። ላቲን፣ ግሪክና ፍልስፍና ነው። በ1956 ተመረቁ። ብሔራዊ ግዳጃቸውን በባሕር ኃይል ሲወጡ ደግሞ ሩስኛ ተማሩ። ይሄ እኔን በጣም ነው የሚገርመኝ። ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከማንም በላይ ያስተማሩን ሰው በሰው ቋንቋ በኩል ነው የመጡት። ሰዋስው ምን እንደሚከለክልና ምን እንደሚፈቅድ ከልጅነት ጀምሮ ሲያጠና የኖረ ጭንቅላት ነው።

ሩስኛው ሞስኮ አደረሳቸው። በ1959 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ ያስተምሩበት የነበረው ቦታ ነው። እዚያ እያሉ ሩስኛን በኮምፒውተር ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎም ሥራ ጀመሩ። መዝገበ ቃላቱ የተቀመጠው በማግኔት ቴፕ ላይ በፊደል ተራ ነው። ቴፕ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አይችልም፣ ማለትም ይችላል ግን ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩን ቃላት አስቀድሞ በፊደል ተራ መደርደር ያስፈልጋል። ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ነው ዛሬ ኩዊክሶርት የምንለውን ዘዴ ያገኙት። ጠዋት ባንዲራ ስንሰቅል መምህራችን እንደሚያሰልፉን ነው ነገሩ። አንድ ልጅ መሐል ይቆማል፤ ከሱ የሚያጥሩት ወደ አንድ ወገን፣ የሚረዝሙት ወደ ሌላው። ከዚያ በየወገኑ ያንኑ መድገም። ዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው።

በ1960 እንግሊዝ ተመልሰው ኤሊዮት ብራዘርስ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር አምራች ገቡ። አለቃቸው የታወቀ አንድ የመደርደሪያ ዘዴ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ጽፈው ጨረሱና “ከዚህ የሚፈጥን አውቃለሁ” አሉ። አለቃቸው ስድስት ፔንስ አስይዘው ተወራረዱ። ተበሉ። ገንዘቧንም ከፈሉ።

ግን ዘዴውን ለሰው ማስረዳት አስቸግሯቸው ነበር። በጭንቅላታቸው አለ፣ በወረቀት ላይ አልወጣ አለ። በ1961 ብራይተን ከተማ ስለ አልጎል 60 ቋንቋ የተሰጠ ሥልጠና ላይ ተገኙ። ካሠለጠኗቸው አንዱ ታዋቂው የኮምፒውተር ሊቅ ዳይክስትራ ነበሩ። አልጎል አንድ ሥራ በውስጡ ራሱን መልሶ እንዲጠራ ይፈቅዳል። ሆር ያን ሲያዩ የዘጋቸው ነገር ተከፈተ። ያ ሁሉ ውስብስብ ነገር ጥቂት መስመር ሆነ። ጥሩ ቋንቋ የሚጽፈውን ሰው ሐሳብ እንዴት እንደሚያቀና በራሳቸው ላይ ያዩት ያኔ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ሆርን የሚያነሳው በኩዊክሶርት ነው። እኔ ግን ቀጥሎ ያለውን ነው ደጋግሜ የማስበው።

ኤሊዮት ለራሱ ኮምፒውተር የአልጎል ኮምፓይለር ያስፈልገው ነበር። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ሥራው ለሆር ቡድን ተሰጠ። በቡድኑ ውስጥ ጂል ፒም የምትባል ፕሮግራመር ነበረች፤ በኋላ ተጋቡ። የሚሠሩበት ኤሊዮት 803 የሚባለው ማሽን ሜሞሪው ትልቁን እንኳ ብንወስድ 8192 ቃል ነው፣ ባለ 39 ቢት። በዛሬው ስሌት ወደ 40 ኪሎባይት ገደማ። በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። እዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ገብተው ሆር አንደኛ መርህ ብለው ያስቀመጡት ፍጥነትን አይደለም፣ ቁጠባንም አይደለም። ደኅንነትን ነው። ስህተት ያለበት ፕሮግራም ወይ ኮምፓይለሩ ይመልሰው፣ ወይ ሲሠራ ጸሐፊው በሚገባው ቋንቋ “እዚህ ጋ ተሳስተሃል” ይበለው። በምንም ዓይነት ግን ዝም ብሎ ሌላ ነገር እያበላሸ አይሂድ።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ፖስታ ቤት ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች አስቡ። ፕሮግራም ውስጥ አሬይ የምንለው እንደዚያ ነው፤ በቁጥር የተሰለፉ ሳጥኖች። ለአንድ ድርጅት 20 ሳጥን ተሰጠው እንበል። የድርጅቱ ተላላኪ መጥቶ “21ኛውን ክፈትልኝ” ቢልስ? 21ኛው የጎረቤት ነው። የሰው ደብዳቤ አለበት። ሆር የሠሩት ኮምፓይለር ሳጥን በተከፈተ ቁጥር፣ እያንዳንዷን ጊዜ፣ ቁጥሩ ከ20 አለመብለጡን ያያል። ከበለጠ ያስቆማል።

ይህ ማየት ጊዜ ይወስዳል። ማሽኑ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ከዓመታት በኋላ ደንበኞቻቸውን “ይህን ፍተሻ ማጥፊያ እንስጣችሁ? ፕሮግራማችሁ ይፈጥናል” ብለው ጠየቁ። ደንበኞቹ በአንድ ድምፅ እባካችሁ አታድርጉት አሉ። ስህተቱ በየጊዜው እንደሚፈጠር ከሥራቸው ያውቃሉ፤ ሳይታይ ቢያልፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ገብቷቸዋል። ሆር ይህን ታሪክ የተናገሩት በ1980 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ ነው። የቱሪንግ ሽልማት በሙያችን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ያንን መድረክ ይዘው የቋንቋ ሠሪዎች እስከዛሬ ይህን ትምህርት አልተማሩም አሉ፤ በሌላ የተከበረ የምህንድስና ዘርፍ ቢሆን እንዲህ ዓይነት ተራ ጥንቃቄ መተው በሕግ ያስቀጣ ነበር አሉ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ምክንያቱም ዓለም የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ሲ የተባለው ቋንቋ ያንን ፍተሻ አያደርግም። ሳጥኑን የሚቆጥረው ፕሮግራመሩ ነው። ሲ ፈጣን ነው፣ በየማሽኑ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዓለም በሱ ተገነባ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቻችን፣ ሰርቨሮቻችን፣ ብሮውዘሮቻችን በሲና በዘመዱ በሲፕላስፕላስ ተጻፉ። እኔ ሲን ያስተማሩኝን ሰዎች አልወቅስም፣ ቋንቋውንም ወድጄው ነው የተማርኩት። ግን ስንማር “ጎበዝ ፕሮግራመር አይሳሳትም” የሚል መንፈስ ነበር። ፍተሻ የሚያስፈልገው ለደካማ ነው የሚል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በኅዳር 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ከገባባቸው በሮች አንዱ ፊንገር የተባለ አገልግሎት ነበር። አገልግሎቱ 512 ባይት የሚይዝ ቦታ አዘጋጅቶ የመጣለትን ሳይለካ ይቀበላል። የሞሪስ ፕሮግራም 536 ባይት ላከለት። ትርፏ 24 ባይት የጎረቤት ሳጥን ውስጥ ገባች። እዚያ ደግሞ ማሽኑ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው አድራሻ ነበር። 6,000 ያህል ኮምፒውተሮች እንደተጠቁ ተገምቷል።

በሐምሌ 2001 ኮድ ሬድ የተባለ ሌላ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም መጣ። መንገዱ ያው ነው፤ የማይክሮሶፍት የዌብ ሰርቨር ላይ ቦታው ከሚይዘው በላይ ማፍሰስ። ሐምሌ 19 ቀን 14 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ359,000 በላይ ማሽኖች ተያዙ። ልክ በ23 ዓመቱ፣ በዚያው ሐምሌ 19፣ በ2024፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ዝማኔ 8.5 ሚሊዮን የሚገመቱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀረ። አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተጨናነቀ። ያን ቀን አጥቂ አልነበረም። ፕሮግራሙ የቀረበለት 20 ግብዓት ነው፤ እሱ ግን 21ኛውን ሊያነብ ሄደ። ለዚህ ነው ከላይ 20 ሳጥን ያልኳችሁ። ሆርና ባልደረቦቻቸው በ40 ኪሎባይት ማሽን ላይ የዘጉት በር ነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ ክፍት ሆኖ የተገኘው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሰው ነልን እንዴት ፈጠሩት?

በ1965 ከሌላው የቋንቋ ነዳፊ ከኒክላውስ ቪርት ጋር አልጎል ደብልዩ የሚባል ቋንቋ እየነደፉ ነበር። ሆር የያዙት አድራሻዎችን ነው። ዓላማቸው ማንኛውም አድራሻ ፍጹም አስተማማኝ እንዲሆን፣ ፍተሻውንም ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲያደርገው ነበር። ግን የትም የማያደርስ አድራሻም ጨመሩበት። ለምን? በራሳቸው አንደበት እንደተናገሩት፣ ለመሥራት ቀላል ስለነበረ ብቻ። ፈተናውን መቋቋም አቃተኝ ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ የመጡት ቋንቋዎች ተቀባበሉት። ጃቫም ወረሰው። እኔም ከጃቫ ወረስኩት። ከዚያ እኚያ እናት መታወቂያቸውን መልሰው ቋጠሩ።

እኔን የያዘኝ ስህተቱ ራሱ አይደለም። አነጋገራቸው ነው። በሙያችን ጥፋት ሲመጣ የሚሰማው የታወቀ ነው። ኔትወርኩ ነው፣ ሰርቨሩ ነው፣ ዩዘሩ ነው። እኚህ ሰው ግን ስህተታቸውን ስም ሰጥተው፣ ዋጋ ተምነው፣ ሕዝብ ፊት ቆሙ። ደግሞ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ኤሊዮት ሳሉ የመሩት አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ ከ30 የሰው ዓመት በላይ ድካም ከፈሰሰበት በኋላ እንዳለ ተጥሏል። ያንንም በዚያው የቱሪንግ ንግግር ላይ ሳይቀንሱ ተናግረዋል። አንድ ኃላፊ “አንተ ራስህ የማይገባህን ነገር ፕሮግራመሮችህ እንዲሠሩ ፈቀድክ” ብሎ እንደጮኸባቸውና ልክ እንደነበረም ጭምር። የሙያቸውን ትልቁን ክብር በተቀበሉበት ቀን።

በ1968 ቤልፋስት፣ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ሄዱ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ግጭቱ የሚቀጣጠልበት ጊዜ ነው። ከተማዋ እየታመሰች እሳቸው ስለ ማረጋገጫ ይጽፋሉ። በ1969 ያሳተሙት ጽሑፍ 6 ገጽ ነው። ሐሳቡን በባንክ ማሽን ላስረዳ። ገንዘብ የሚያወጣ ቁራጭ ፕሮግራም አለ እንበል። ከፊቱ ውል ይጻፋል፤ “ሂሳቡ ውስጥ ያለው ከሚወጣው አያንስም”። ከኋላውም ውል ይጻፋል፤ “የቀረው ከዜሮ አያንስም”። ሆር ያመጡት፣ ፊተኛው እውነት ከሆነ ኋለኛውም የግድ እውነት እንደሚሆን በሒሳብ የሚረጋገጥበትን ሕግ ነው። ሺህ ጊዜ ሞክሮ ማየት ሳይሆን፣ ማረጋገጥ። ለሁሉም ቁጥር፣ ለሁሉም ሰው፣ የአያቱን ስም ለማያውቅ ሰው ጭምር።

ይህን ሲጀምሩ የገመቱት ነገር አለ። ኢንዱስትሪው ይህን የሚጠቀምበት እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ብለው ነበር። አስቡት እስኪ። የ34 ዓመት ሰው ቁጭ ብሎ ፍሬውን በሥራ ዘመኑ እንደማያይ እያወቀ ሊሠራ ይነሳል። እኛ ሦስት ወር የማይሞላ ፕሮጀክት ላይ “ዴድላይኑ” እያልን ፍተሻ የምንዘል ሰዎች ነን።

በ1977 ወደ ኦክስፎርድ ተመለሱ። እዚያ ስላደረጉት ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ እኔ ግን እልፈዋለሁ። በ1978 ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን እየሄዱ እንዴት እንደሚነጋገሩ የጻፉት ዛሬ ጎ በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ይኖራል፤ ይህን ብቻ ልበል።

በ1999 ከኦክስፎርድ ጡረታ ወጡ። ያኔ ነው ካምብሪጅ የሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ተቋም የገቡት። የዩኒቨርሲቲ ሰው ሆኖ ከኖረ በኋላ በ65 ዓመት ኩባንያ መግባት! የገመቱት 30 ዓመት እንደሞላ ሊያዩ የሄዱ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮድ ሬድ መጣ። በጥር 2002 ቢል ጌትስ ለሠራተኞቻቸው ሁሉ ከአዲስ ነገር በፊት ደኅንነት ይቅደም የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሆር ማረጋገጫ ያስፈልጋል ሲሉ የኖሩት ፕሮግራመር ስለሚሳሳት ነው። ኩባንያዎቹን ያነቃቸው ግን ስህተቱ አይደለም፤ ስህተቱን ፈልጎ የሚገባበት ሌባ ነው። ተራ ስህተት ሚሊዮን ጊዜ አንዴ ቢከሰት ይታለፋል። አጥቂ ግን ያቺን አንዷን ነው ቀን ከሌት የሚፈልገው። በሙከራ ብቻ እሱን መቅደም አይቻልም።

በ2009፣ ጽሑፋቸው 40 ዓመት ሲሞላው፣ ሌላ ነገር ደግሞ አመኑ። ማረጋገጫን የሙከራ ተቃራኒ አድርጌ ማቅረቤ ስህተቴ ነበር፣ ሁለቱም ይደጋገፋሉ አሉ። በዚያው ዓመት ኤስ-ኢ-ኤል ፎር የተባለ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ተረጋገጠ። ወደ 8,700 የሲ መስመር ነው፤ መስመሩ ሁሉ ከተባለለት ውጭ ምንም እንደማያደርግ በኮምፒውተር በተመረመረ ማስረጃ ታየ። ማስረጃው የቆመው በዚያ የ6 ገጽ ሐሳብ ላይ ነው።

እኔ ዛሬ የምሠራው በአብዛኛው በረስት ነው። በ2015 የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣ ቋንቋ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ነል የሚባል የለውም። የሳጥኑን ቁጥር ፕሮግራሙ ሲሄድ ይቆጥራል። ሌላውን ብዙ ስህተት ደግሞ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይሄድ ኮምፓይለሩ ያስቆማል። ጎግል በአንድሮይድ አዲስ የሚጻፈውን ኮድ እንዲህ ወዳሉ ቋንቋዎች ማዞር ከጀመረ በኋላ፣ ከተገኙት የደኅንነት ቀዳዳዎች ውስጥ በሜሞሪ ስህተት የመጡት በ2019 ከነበሩበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርደዋል። ፕሮግራመሮቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ድንገት ጎበዝ ሆነው አይደለም። ቋንቋው ተቀይሮ ነው።

ስለዚህ “ተጠንቀቅ” የሚለው ምክር አይበቃኝም። እኔ ያኔ ተጠንቅቄ ነበር። አምሽቼ ነው የሠራሁት፣ ሞክሬዋለሁ፣ ደጋግሜ። የሞከርኩት ግን በእኔ ስም ነው፣ በጓደኞቼ ስም ነው፣ ሁላችንም አያቶቻችንን እናውቃለን። እኚያን እናት አላሰብኳቸውም። እንድጽፍ የተሰጠኝ ቋንቋም አላስታወሰኝም።

በቅርቡ አንድ የሰው መመዝገቢያ ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር እየሠራን ነበር። ኮዱን ጻፈና ኮምፓይለሩ መለሰበት። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር። የአያት ስም ላይኖር ይችላል ተብሎ ታውጇል፣ አንተ ግን እንዳለ አድርገህ ተጠቀምክበት፣ ከሌለ ምን እንደሚደረግ ንገረኝ ነው የሚለው። እስኪነግረው ድረስ አላልፍም አለ።

“ይሄ ኮምፓይለር ግትር ነው” አለኝ። “ግን እውነት ከሌለስ ምን ልበለው? ‘አይታወቅም’ ብዬ ልሙላው?”

እኔም አሰብኩ። “አይታወቅም” የሚል ቃል በሰው መታወቂያ ላይ መታተም የለበትም። ሰረዝም አይሆንም፣ ነገ አንዱ ሰረዙን ስም ነው ብሎ ይይዘዋል። አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። የዚያን ቀን የእናትየውን ነገር ነገርኩት፣ መሐረቡን፣ ቋጠሮውን። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ዞሮ ሁለት መስመር ጻፈ። የአያት ስም ካለ ሦስቱም ይታተማሉ። ከሌለ ስማቸውና የአባታቸው ስም ይታተማል፤ ቦታው ክፍት አይመስልም፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃቸውም።

ኮምፓይለሩ አሳለፈው። በሌለ የአያት ስም አንድ ሰው መዘገብን፤ ገባ።